ባዶው ማስገቢያ «አለሁ» ያለ ዕለት

የእኛ ሰፈር ሴቶች አውቶቡስ ሲጠብቁ የሚያወሩትን ብትሰሙ፣ ዕብራይስጥ በሚነገርባት ከተማችን ቂርያት ጋት ውስጥ ከሰው ይልቅ ጋኔን የሚበዛ ይመስላችኋል፣ የእንትናን ልጅ ቡዳ በላው፣ የእንትናን ሚስት ዛሯ ተነሣባት፣ እዚያ ማዶ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ሰው በሌለበት ቧንቧ ይከፈታል፣ ብቻ የማይባል የለም፣ ከመካከላቸው ቆሜ የምስቀው ደግሞ እኔ ነበርኩ፣ «ቡዳውስ በምን ቪዛ ገባ? እኛ ያን ያህል ዓመት የጠበቅነውን በር እሱ በየት በኩል አለፈው?» እያልኩ አበሽቃቸው ነበር። «አይ ዝናሽ፣ በራስሽ የደረሰ ለት እናይሻለን» ይሉኝ ነበር። ይኸው ደረሰ።

እና ይህን የምታወራችሁ ሴት በየጥላው የምትደነግጥ ሴት እንዳልሆነች ከወዲሁ ያዙልኝ፣ አሁንም በጋኔን አምናለሁ አልላችሁም፣ ያየሁትን አይቻለሁ፣ የሰማሁትን ሰምቻለሁ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግራችኋለሁ፣ ፍርዱን ግን ለእናንተ ትቻለሁ፣ ለእኔ መፍረዱ አልሆነልኝም።

የምሠራው ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ነው፣ ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ጀርባ ተሸጉጣ የቆመች አንዲት አሮጌ ቤት አለች፣ ምድር ቤቱ መጋዘን፣ ከዚያ በላይ ቢሮ፣ ከሁሉም በላይ እኛ። ሥራችን የአሮጌ ዲስኮችን ዕድሜ ማስረዘም ነው፣ አንድ ክሊኒክ ወይም አንድ እርሻ ከድሮ ጀምሮ መረጃውን ያከማቸበት የዲስክ ሳጥን ይኖረዋል፣ አዲስ ኮምፒውተር ሲገዛ አዲሱ አሮጌውን «አላውቅህም» ይለዋል፣ እኛ እናስተዋውቃቸዋለን። መጀመሪያ በሠራተኛ አቅራቢ በኩል ስገባ ሥራዬ መለየት ብቻ ነበር፣ ዲስኩን ትሰኪያለሽ፣ መብራቱን ታያለሽ፣ ከበራ ወደዚህ፣ ካልበራ ወደ ቆሻሻው፣ በቃ። ታዲያ እጄ ሲሠራ ዓይኔ ሥራ ይፈታ ነበርና፣ ከጎኔ ያሉትን እያየሁ፣ ቤት ስገባ ደግሞ እናቴ ስትተኛ ኢንተርኔት ላይ እየፈለግኩ፣ ያልገባኝን እየደጋገምኩ፣ በዕብራይስጥ እያነበብኩ በአማርኛ እያሰብኩ፣ ቀስ በቀስ ድራይቨር መፈተን፣ በኋላም ትንሽ ትንሽ መጻፍ ጀመርኩ።

ድራይቨር ምንድን ነው እንዳትሉኝ፣ ቀላል ነው፣ እናታችሁን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ሐኪሙ በዕብራይስጥ ይጠይቃል፣ እናታችሁ በአማርኛ ይመልሳሉ፣ መሐል ላይ እናንተ ናችሁ። ድራይቨር ማለት ያ መሐል ላይ ያለው ነው፣ በኮምፒውተሩና በዲስኩ መካከል የቆመ አስተርጓሚ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ የዚህ አስተርጓሚ የመጀመሪያ ሥራው ፍለጋ ነው፣ ዲስክ በሚሰካባቸው ቦታዎች፣ ማስገቢያ በማስገቢያ፣ እየሄደ «እዚህ ማን አለ?» ይላል።

ፍለጋው ደግሞ ሕግ አለው። አለቃዬ ዲማ፣ ከሩሲያ የመጣ ኢንጂነር ነው፣ ሲያዩት የተቆጣ የሚመስል፣ ሲያውቁት ግን ልቡ ቅቤ የሆነ ሰው፣ «ዝናሽ፣ ምን ትሠሪያለሽ ብቻ አይደለም ጥያቄው፣ የት ቆመሽ ትሠሪዋለሽ ነው» ይለኝ ነበር። በፍለጋው ጊዜ የሚፈቀድ ነገር አለ፣ ፍለጋው ካለቀ በኋላ ያው ነገር ክልክል ይሆናል። ከፍለጋው ቀጥሎ የተገኘውን ዲስክ የማሰናዳት ተራ ይመጣል፣ እዚያ ላይ ኮምፒውተሩ በሙሉ ትንፋሹን ይዞ አንቺን ነው የሚያይ፣ መተኛት የለ፣ መጠበቅ የለ፣ «ቆይ አንዴ» ካልሽ ሁሉም እንደ ድንጋይ ይደርቃል። አንድ ሌላ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ትፈልጉታላችሁ፤ ዲስክ ጉዳይ ሲኖረው ኮምፒውተሩን የሚጠራበት ደወል አለው፣ በፍለጋው ጊዜ ግን ደወሉ ገና አልታሰረም። እሱ ሊጠራሽ አይችልም፣ አንቺ ነሽ ሄደሽ የምታይው። ባዶ ማስገቢያ ከሆነ የሚነበበው የታወቀ ነው፣ ትርጉም የሌለው አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ እሱን ስታይ «የለም» ብለሽ ታልፊያለሽ።

እኔ ታዲያ ይህን «የለም» ብሎ ማለፍ የሚሉትን ነገር ሆዴ አይወደውም።

ሲሳይ የሚባል ታናሽ ወንድም አለኝ። ጎንደር ሳለን፣ ወደዚህ ለመምጣት ከሚጠባበቀው ሕዝብ ጋር ዓመት በዓመት ላይ ስንጨምር፣ የሚሄዱትን ሰዎች ስም ከግቢው በር ላይ ቆመው ይጠሩ ነበር፣ የተጠራው «አቤት» ብሎ ይወጣል፣ ያልመለሰው ይታለፋል። የእኛ ቤት የተጠራ ለት ሲሳይ የቀን ሥራ ፍለጋ ከከተማ ወጥቶ ነበር። «ሲሳይ!» አሉ፣ ዝም። እናቴ የጠሪውን ክንድ ይዛ «አለ ጌታዬ፣ አለ፣ ይደርሳል፣ ትንሽ ጠብቁልኝ» ብትል፣ «ለሚቀጥለው» አሏትና ወደሌላ ስም አለፉ። እኛ መጣን፣ እሱ ቀረ፣ ያ የሚቀጥለው የሚሉት እስካሁን አልቀጠለም።

እንግዲህ ዲስክ በምለይበት ጊዜም ከቆሻሻው ሳጥን እያወጣሁ መልሼ የምሰካቸው ነበሩ፣ ትንሽ ስትታገሷቸው እያጉረመረሙ ይነሣሉ፣ ሞተው ሳይሆን አርጅተው ነው። ዲማ የፍለጋውን ክፍል እንድጽፍ ሲሰጠኝ ደግሞ ማንም ሳያዘኝ አንድ ነገር ጨመርኩበት፣ መልስ ያጣበት ማስገቢያ ላይ ድራይቨሩ ወዲያው እንዳያልፍ፣ ትንሽ ጠብቆ እንደገና እንዲጠይቅ። የሽማግሌ በር አንኳኩቶ ወዲያው ፊቱን የሚያዞር ሰው እኛ ዘንድ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ።

ነገሩ የሆነው የሰሊጥ አጨዳ በሚያልቅበት ሰሞን ነው። ሲሳይ ወደ መተማ ቆላ ለአጨዳ እወርዳለሁ ብሎ ደወለ፣ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። መጀመሪያ «ኔትወርክ ነው» ተባባልን፣ ቆላ ነውና። ሲሰነብት ግን ያን ቃል ሁለታችንም መድገም ተውን። እናቴ ስልኳን ከጉያዋ አትለየውም፣ ስትጸልይ እንኳ በግራ እጇ ይዛው ነው፣ እኔ ከሥራ ስገባ ሰላምታዋ «ሲሳይ ደወለ?» ነው፣ እኔም «ስልኩ እኮ ያለው አንቺ ዘንድ ነው እማዬ» እላታለሁ፣ «እንዲያው ባንቺ በኩል ቢሆን ብዬ ነው» ትለኛለች። ቆላው ወባ እንዳለው ሁለታችንም እናውቃለን፣ ሁለታችንም አንናገረውም።

ልጆች ሳለን እናቴ፣ «ከመሸ ሰው ቢጠራችሁ በአንደኛው አቤት አትበሉ፣ በሁለተኛውም አትበሉ፣ ሰው ከሆነ ይሠልሳል፣ ሰው ያልሆነ አይሠልስም» ትለን ነበር። እኔ ገና ያኔ አላምናትም ነበር፣ ሲሳይ ግን ነፍሱን ይፈራ ስለነበር ለእራት ሲጠሩት እንኳ ሦስተኛውን ይጠብቃል፣ ስንቱን እራት ቀዝቅዞ ነው የበላው!

እና ያ ዓርብ ነው። ዓርብ በዚህ አገር የብርድ ወራት ቀኑ የለም፣ ቀትር ካለፈ ፀሐይዋ ወደ ታች ነው የምትንደረደር፣ ስትገባ ደግሞ ሰንበታችን ይጀምራል። ዲማ ጃኬቱን ለብሶ ሊወጣ ሲል ስክሪኔ ላይ ጎንበስ አለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ፣ ጣቱ ያቺ መጠበቂያዬ ላይ አረፈች።

«አሮጌዎቹ እንዲደርሱ ነው።»

«ማስገቢያው ባዶ ቢሆንስ? ማንን ነው የምትጠብቂው?»

«ካልጠበቅኩ ባዶ መሆኑን በምን አውቃለሁ?»

ሳቀ። «አንቺና አያቴ ትግባቡ ነበር፣ እሷም ለሌለ ሰው ሳህን ታስቀምጥ ነበር።» ከዚያ ሳቁን ዋጥ አደረገና፣ «ስሚኝ ሞቴክ፣ የኔ ማር፣ እዚህ ቦታ ላይ ትንሽ ብትጠብቂ ሕጉ ላይከለክልሽ ይችላል፣ ግን ክሊኒኩ ኮምፒውተሩን ሲያስነሣ በሽተኛ ቆሞ ነው። ደግሞ ነገ አንዱ ይቺን ገልብጦ ማሰናጃው ክፍል ውስጥ ይከታታል፣ ያኔ ማሽኑ ደርቆ ይቀራል። አውጪያት፣ አውጥተሽ ፈትኚ፣ እሑድ ጠዋት ለደንበኛው ይላካል። በሴደር፣ እሺ?»

«በሴደር» አልኩት፣ ልክ ነበረ።

ሄደ። ቤቱ ጭር አለ። እኔ ግን መጠበቂያዋን ከማውጣቴ በፊት አንድ ጊዜ ብቻ ስትሠራ ልያት አልኩ፣ ሰው የሚሸኘውን ሰው መለስ ብሎ እንደሚያየው ነው።

ሁለት ኮምፒውተር ነው ያለኝ፣ አንዱ ይፈተናል፣ ሁለተኛው በገመድ ተያይዞ የሚሆነውን ሁሉ እየተከታተለ ይጽፋል። የዲስክ ሳጥኑ አራት ማስገቢያ አለው፣ በሦስቱ አሮጌ ዲስክ ሰክቻለሁ፣ አራተኛውን ሆን ብዬ ባዶ ትቼዋለሁ። አስነሣሁት። አንደኛው፣ አለ። ሁለተኛው፣ አለ። ሦስተኛው ትንሽ አቅማምቶ፣ አለ። አራተኛው ላይ ድራይቨሬ ጠየቀ፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ጠየቀ፣ የለም።

ያኔ ከምድር ቤት የአባ ታከለን ድምፅ ሰማሁ። አባ ታከለ ዘበኛችን ናቸው፣ የጎንደር ሰው ናቸው፣ ዓርብ ዓርብ ለሰንበቱ ዘበኛ ከማስረከባቸው በፊት ቤቱን ከታች ጀምረው እየዘጉ ነው የሚወጡት፣ በየበሩ ቆመው «ሰው አለ ወይ?» ሳይሉ አይቆልፉም፣ አንድ ጊዜ አንዱን ሠራተኛ መጋዘን ውስጥ ቆልፈውበት የደረሰባቸውን ሳቅ እስካሁን አልረሱትም። «ሰው አለ ወይ?» አሉ ከታች፣ ድምፃቸው በደረጃው ተንከባሎ መጣ፣ እኔም ገና ሁለት ፎቅ አላቸው ብዬ እንደገና አስነሣሁት።

አንደኛው፣ አለ። ሁለተኛው፣ አለ። ሦስተኛው፣ አለ። አራተኛው ላይ ጠየቀ፣ ጠበቀ፣ ደግሞ ጠየቀ፣ እና መልስ መጣ። እመኑኝ፣ መጀመሪያ ያላሰብኩት ነገር ቢኖር መፍራትን ነው፣ የተሳሳትኩ ነው የመሰለኝ። ባዶ ቦታ የሚመልሰው ያ የታወቀው ነገር አልነበረም፣ አሮጌ ዲስክ ገና እየተነሣ ሳለ የሚሰጠው መልስ ነበር፣ በእኛ ቋንቋ ስተረጉመው «አለሁ፣ ግን ገና ነኝ» ማለት ነው።

ያኔ ነው አባ ታከለ ሁለተኛውን፣ ከቢሮው ፎቅ፣ «ሰው አለ ወይ?» ያሉት።

ተነሥቼ ሳጥኑን አየሁት። አራተኛው ማስገቢያ እንደ ተነቀለ ጥርስ ክፍት ነው፣ ምንም የለበትም። ጣቴን ሰደድኩ፣ ብረቱ ይሞቃል፣ የዲስክ ሙቀት ሞቅ ያለ ነው፣ አውቀዋለሁ፣ ይህ ግን የሚፋጅ፣ ደግሞ እንዴት ብዬ ልንገራችሁ፣ ወዝ ያለው ዓይነት፣ ትኩሳት የያዘውን ሰው ግንባር ስትነኩት እንደሚሰማችሁ ነው። እጄን ሰበሰብኩ። ጆሮዬን አስጠጋሁ፣ ሦስቱን ዲስኮች በድምፃቸው ለይቼ አውቃቸዋለሁ፣ አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ይንጫጫል፣ አንዱ እንደ ንብ ነው፣ ከእነሱ በታች ግን አራተኛ ድምፅ ነበር፣ ያ ከቆሻሻ ሳጥን ያወጣኋቸው አሮጌዎች የሚያሰሙት ማጉረምረም ነው፣ ለመነሣት እየሞከረ የሚያቅተው ሰው ትንፋሽ ይመስላል።

«ዝናሽ፣ ደክሞሻል» አልኩ ለራሴ ጮክ ብዬ፣ ለድፍረት ያህል። ሦስተኛ አስነሣሁት።

እንግዲህ ያ ኋላ ትፈልጉታላችሁ ያልኳችሁ ደወል እዚህ ላይ ነው። አንደኛው አለ፣ ሁለተኛው አለ፣ ሦስተኛው አለ፣ ድራይቨሩ ገና አራተኛው ጋ ደርሶ እየጠበቀ ሳለ፣ የሚከታተለው ኮምፒውተር ደወል መደወሉን ጻፈ። ከአራተኛው። ደወሉ ገና አልታሰረም እኮ! በዚያ ሰዓት ማንም ሊጠራን አይችልም፣ የሚጠራበት ገመድ ገና የለም፣ እቤታችሁ ደጃፍ ላይ መጥሪያ ሳይገጠም መጥሪያው ቢያንጫርር ማለት ነው። ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጥኩ ከበሩ ውጪ «ሰው አለ ወይ?» ሲሉ ሰማሁ፣ አባ ታከለ ናቸው፣ እመልሳለሁ ብዬ አፌን ስከፍት «ገና ነኝ» የሚለው መልስ ጠፍቶ «አለሁ» ብቻ ሆነ፣ አፌም እንደተከፈተ ቀረ።

አባ ታከለ በሩን ገፋ አድርገው ገቡ፣ እኔን አልፈው ክፍሉን ይቃኛሉ።

«እንዴ፣ ብቻሽን ነሽ ልጄ?»

«ብቻዬን ነኝ አባ ታከለ፣ ይግቡ።»

«ታዲያ ማን ነው አቤት ያለኝ?»

«መቼ?»

«አሁን ነዋ! ሰው አለ ወይ ብል አቤት አለኝ፣ የወንድ ድምፅ፣ የእኛ አገር ልጅ፣ ደከም ያለ። በሰንበት መግቢያ እንግዳ ያዘች እንዴ ብዬ ገርሞኝ ነው የገባሁ።»

«ሬዲዮ ይሆናል» አልኩ፣ ሬዲዮ የለኝም።

«የማን ሬዲዮ? እኔ እኮ ጉልበቴ ነው ያረጀ፣ ጆሮዬ ደህና ነው።» ከመደርደሪያው ጀርባ ሄደው አዩ፣ ከጠረጴዛው ሥር ጎንበስ ብለው አዩ፣ «ድመት ናት እንዳልል ድመት አቤት አትል» አሉና ሳቁ፣ እኔም አብሬ ልስቅ ሞከርኩ። ከዚያ መስኮቱን አይተው ደነገጡ፣ «በይ ተነሽ ልጄ፣ ፀሐይዋ ገብታለች፣ እናትሽ ልጄን ሰንበት አስደፈርክብኝ ብላ ከእኔ ጋር ልትጣላ ነው!»

«አንዲት ነገር ብቻ ላውጣ፣ አንዴ ይታገሡኝ» አልኩና ቁጭ አልኩ።

መጠበቂያዋን ነው። ማውጣት አለብኝ፣ እሑድ ጠዋት ይላካል፣ ቃል ገብቻለሁ፣ ዲማም ልክ ነው፣ ሰንበትም ገብቷል፣ ዘበኛውም ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ግን ያ የሚያጉረመርመው ድምፅ አሁንም አለ፣ እንደዚያ ሆኖ «ለሚቀጥለው» ማለት ከበደኝ። አባ ታከለ ቁልፋቸውን አንሿሹ። አወጣኋት። አስነሣሁት። አንደኛው አለ፣ ሁለተኛው አለ፣ ሦስተኛው አለ፣ አራተኛው የለም። እንዴት ቶሎ አለው መሰላችሁ፣ ዓይን ሳይጨፈን፣ የለም። ፈተናው አለፈ፣ ሁሉም አረንጓዴ። አጠፋሁት፣ ድምፁም አብሮ ጠፋ።

በሩ ላይ ስንደርስ አባ ታከለ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ፣ «አንቺ ቆልፊው፣ ይህ ቁልፍ እጄን ያደክመኛል» ብለው። አሮጌ የብረት ቁልፍ ነው፣ ሁለት ጊዜ ካልዞረ አይዝም፣ ሲዞር ቤቱ ሁሉ ይሰማል። አዞርኩት፣ ደገምኩት።

በሰንበት ለእናቴ ምንም አልተነፈስኩም። ምን እላታለሁ? እሷ ስልኩን አልነካም ብላ መደርደሪያ ላይ አኑራዋለች፣ ሰንበት ነውና፣ ግን ፊቷን ወደዚያው አድርጋ ነው የዋለችው።

እሑድ ዲማ የሚከታተለው ኮምፒውተር የጻፈውን አየ፣ እየተንጠራራም አስረዳኝ፣ ሳጥኑን ከኮምፒውተሩ የሚያገናኘው ካርድ አርጅቷል፣ ሽቦ ሲላላ ኤሌክትሪክ ያፈተልካል፣ ማንም ያልደወለው ደወል ይደወላል፣ ባዶ ማስገቢያም አንዳንዴ የማይመስል ነገር ይነበብበታል። «ሙቀቱስ?» አልኩት። «ከጎኑ ዲስክ አለ እኮ ዝናሽ፣ ሙቀት ጎረቤት ይሄዳል።» «አባ ታከለን አቤት ያላቸውስ?» «አቤት ምንድን ነው?» «ሰው ሲጠራን የምንመልሰው ነው፣ አለሁ እንደማለት።» ትከሻውን ነቀነቀ፣ «እሱን ሽቦው አያውቀውም፣ ዘበኛውን ጠይቂ» አለና ድራይቨሩን ላከው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እፎይ አልኩ፣ ያስረዳኝ ሁሉ ሊሆን የሚችል ነገር ነው፣ እኔም በሌላ ሰው ቢደርስ ያንኑ ነበር የምለው። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ እንኳ ለሴቶቹ ለማሳቂያ ላወራው አስቤ ነበር።

ያን ዕለት ማምሻውን ስልኩ ጮኸ።

እናቴ አንስታ «ሲሳይ! ልጄ! ልጄ!» ስትል እንባዋ እስከ አገጯ ወረደ፣ እኔም በቁሜ አለቀስኩ፣ ሕያው ነው፣ ሌላ ምን ፈልገን? ስትመርቀው፣ ስትቆጣው፣ ደግሞ ስትመርቀው ቆይታ፣ «እህትህን ላገናኝህ» ብላ ሰጠችኝ። ድምፁ ከስቷል።

«የት ጠፍተህ ነው አንተ? ልትገድለን ነው?»

«ወባ ጥሎኝ ነው ዝናሽ። ሠራተኞቹ ወደ ሌላ እርሻ ሲዛወሩ መነሣት አቃተኝ፣ ውኃ አስቀምጠውልኝ ሄዱ፣ የምናድርበት ዳስ ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ። አሁን ጎንደር ነኝ፣ መድኃኒት ጀምሬአለሁ፣ ደህና ነኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማዬ አጠገብሽ ናት?»

«ወደ ጓዳ ገብታለች።»

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለእሷ እንዳትነግሪያት። ዓርብ ለት ነው፣ ፀሐይ እየገባች ነበር፣ እማዬ አሁን ሰንበት ልትይዝ ነው እያልኩ ስለማስብ ነው ቀኑን ያወቅኩት። ሰው ሲጣራ ሰማሁ። ስሜን አይደለም፣ ‹ሰው አለ ወይ?› ነው የሚል፣ የሽማግሌ ድምፅ፣ ከታች እንደሚመጣ ዓይነት፣ ሜዳ ላይ ነኝ፣ የምን ታች አለ? ዝም አልኩ፣ እማዬ ያለችንን ታውቂያለሽ። ቀረብ ብሎ ደገመ፣ ዝም አልኩ። ሦስተኛው እጎኔ ነው፣ ያኔ ያለኝን አቅም ሁሉ አሰባስቤ አቤት አልኩ።»

«ከዚያስ?» አልኩት።

«ከዚያማ ደረሱልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ስጠብቅ፣ በር ተቆለፈ።»

«የምን በር?»

«እኔስ ምን አውቄ! ዳስ እኮ ነው፣ እንጨትና ሣር ነው፣ በር የለው። ግን ቁልፍ ነው የሰማሁ፣ የብረት ቁልፍ፣ ሁለት ጊዜ ሲዞር። አለሁ እኮ፣ አለሁ እኮ እያልኩ ነበር፣ ዝናሽ፣ ማንም አልመለሰልኝም። በነጋታው ሰሊጥ የሚጭን መኪና ባያገኘኝ ኖሮ...» አልጨረሰውም። «ትኩሳት ነው አይደል?» አለኝ፣ ልጅ ሳለ እራት ስንጠራው ከጨለማው ውስጥ «እናንተ ናችሁ አይደል?» በሚለን ድምፅ ነው የጠየቀኝ።

«ትኩሳት ነው» አልኩት።

ሲሳይ ድኗል፣ ግን አሁንም እዚያው ነው፣ ጎንደር፣ ስሙ እስኪጠራ ይጠብቃል፣ በደወለ ቁጥር እናቴ «በቅርቡ ነው ልጄ» ትለዋለች። ዲማን መጠበቂያዋን እንመልሳት ብዬ አንድ ቀን ለመንኩት፣ «ለማን ብለሽ?» አለኝ፣ ክፋት የለውም፣ ጥያቄው ጥያቄ ነው። ድራይቨሬ ዛሬ በየክሊኒኩ፣ በየእርሻው ይሠራል፣ በየጠዋቱ ባዶ ባዶውን እያየ የለም፣ የለም እያለ ያልፋል።

ለአባ ታከለም አልነገርኳቸውም። ግን እጃቸው እየባሰባቸው ስለሄደ የላይኛውን ፎቅ ቁልፍ እንድይዝ ጠየቅኳቸው፣ መርቀው ሰጡኝ። ዓርብ ዓርብ ሁሉም ሲወጣ በሩ ላይ እቆምና «ሰው አለ ወይ?» እላለሁ፣ እደግማለሁ፣ እሠልሳለሁ፣ ከዚያ ቆሜ እጠብቃለሁ፣ እስካሁን የመለሰልኝ የለም፣ ዝምታውን ይሁን መልሱን የምፈራው ለይቼ አላውቅም። አባ ታከለ ከታች ሆነው «ልጄ፣ ሰንበት ገባ እኮ! ቆለፍሽው?» ይላሉ፣ «ቆልፌዋለሁ አባ ታከለ» እላቸዋለሁ።

ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ አልቆልፈውም።